የተመለሰውን ወታደር መቀበል፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው ድርሻና የሰበካው እገዛ

ወታደሩ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ቀን የደስታ ቀን ነው። እናት እልል ትላለች፤ ጎረቤት ቡና ያፈላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ካህኑም ቤቱን በጸሎት ይባርካል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ግን ያው ቤት ሌላ መልክ ይይዛል። ሰውየው ሌሊት እየባነነ ይነሣል፤ ቀን ከሰው ይሸሻል። እርሱ ሲሄድ በእናቱ ጀርባ የነበረው ልጅ አባቱን «ሰውዬው» እያለ ይጠራዋል። ሚስቱ ከጎረቤት የተበደረችውን ገንዘብ ትደብቀዋለች። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቅጽሩ ጥግ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም።

ይህ በአንድ ሰበካ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት እንዲህ ያለውን ምእመን ሲያዩ ልባቸው ያዝናል፤ የአቅማቸውንም ያደርጋሉ። ለበዓል ጥቂት ብር፣ ለልጆቹ ልብስ፣ ለእርሱም ምክር ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። መመለስ በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ መቀበል ግን ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው። የሚሠራውም ከወታደሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመላው ቤት ጋር ነው። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሠለጠነው ለዚህ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ምን እንደሚያደርግ፣ ቤተ ክርስቲያንም በየትኛው ቦታ ልታግዘው እንደምትችል ያብራራል።

ሦስቱ የመመለስ ዘመናት

በቅርቡ ታሪካችን ብዙ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱበት ዘመን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አጋጥሞናል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ወደ ገጠር ለተመለሱት የምግብ እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዶቹም የእርሻ በሬ እንዲያገኙ ተደረገ። በከተማ ለቀሩት ደግሞ ሥልጠናና ሥራ ለማፈላለግ ተሞከረ። ሁለተኛው ዘመን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተካሄደው ጦርነት በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ተሰናብተዋል። ሦስተኛው ዛሬ የምንገኝበት ነው። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ኮሚሽኑ በተለያዩ ክልሎች የሚገኙ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ፣ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ሥራውን ጀምሯል።

ከመጀመሪያው ዘመን ልንማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በገጠር መሬትና ዘመድ ጠብቆ የተቀበላቸው ሰዎች፣ ሥራም ዘመድም በሌለበት ከተማ ከቀሩት ይልቅ ኑሮአቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደ መሠረቱ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። የተሰጠው በሬና እህል ረድቷል፤ ሰውየውን ያቆመው ግን የእርዳታው መጠን ብቻ አልነበረም። የሚቀበለው ቤት፣ የሚያስገባው እድር፣ የሚያበድረው ጎረቤትም ነበሩ። ሰው የሚቋቋመው በሰው መካከል ነው።

ባለሙያው ማን ነው?

በተለምዶ «ሶሻል ወርከር» የምንለው ባለሙያ እርዳታ አዳይ አይደለም። ሐኪምም፣ ዳኛም፣ የፖሊስ መርማሪም አይደለም። ሥራው ሰውየውን ከቤተሰቡ፣ ከአካባቢው፣ ከሕግና ከመንግሥት አገልግሎቶች ጋር የሚያያይዙትን ክሮች መመርመር፣ የተበጠሰውንም መቀጠል ነው።

ሙያው ከጦርነት ጋር የቆየ ትስስር አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ በስሚዝ ኮሌጅ የተከፈተው ትምህርት ቤት አእምሮአቸው በጦርነት የተጎዳ ወታደሮችን የሚረዱ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የታሰበ ነበር። በሀገራችንም የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደ ገና ተጀምሯል። በዚህ የተነሣ አንድ ትውልድ ያህል ባለሙያ ሳይፈራ ቀርቷል። ዛሬ ባለሙያዎቹ በሆስፒታሎች፣ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችና በተራድኦ ድርጅቶች ይገኛሉ፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ከችግሩ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። በየቤቱ የሚገባው ካህን ለእነርሱ ዓይንና ጆሮ ሊሆን የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ከመስጠት በፊት ማወቅ

ባለሙያው ወደ አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስማት ነው። «ምን ላድርግልህ?» ከማለቱ በፊት «ቀኑን እንዴት ትውላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ማን እንደሚያበስል፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ መሄዳቸው፣ መሬቱን ማን እንደሚያርስ፣ ሰውየው ሌሊት ስለ መተኛቱ፣ በቤቱ የጦር መሣሪያ ስለ መኖሩ ቀስ ብሎ ይረዳል። ሚስቱን ለብቻዋ፣ እርሱንም ለብቻው ያነጋግራል፤ ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ የማይወጣ ቃል አለና።

ይህን ሲያደርግ ቤቱ ያለውን ብርታት ጭምር ይመዘግባል። ሰውየው በሠራዊቱ ውስጥ ሹፌር፣ መካኒክ፣ የሕክምና ረዳት ወይም የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ይሆናል። ሚስቱ በሌለበት ዘመን ዶሮ አርብታ፣ ጠላ ሸጣ፣ እቁብ ገብታ ቤቱን አቁማለች። ታላቅ ልጁ ማንበብና መጻፍ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ዕቅድ ይወጣል፤ በዚህ ወር ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ መቼ ተመልሰን እንይ የሚል ቀላል ዕቅድ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አይጠይቅም፤ ቢሰማውም ለእርዳታው መመዘኛ አያደርገውም። እርሱም «ከየትኛው ወገን ሆነህ ተዋጋህ?» የሚለው ነው። ዛሬ በአንድ ደብር የመከላከያ ሠራዊት ተሰናባች፣ የክልል ልዩ ኃይል አባል የነበረ፣ የሚሊሻና የሌላ ታጣቂ ኃይል አባል የነበረ ሰው ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሱ ይሆናል። ምናልባትም በአንድ ሸለቆ ውስጥ ፊት ለፊት የተኳኮሱ ናቸው። አንዱን ጀግና፣ ሌላውን ጠላት ብሎ የሚለይ እርዳታ ጦርነቱን ወደ ደብሩ ያስገባዋል። ስለዚህ የባለሙያው ገለልተኛነት ለሰበካውም ሊመሪያ ይገባል።

የወረቀቱ መንገድ

ከወታደሩ ቤተሰብ ችግር ብዙው የሚፈታው በወረቀት ነው፤ ብዙው የሚጠፋውም በወረቀት ነው። በሥራ ላይ ሳለ የተጎዳ የሠራዊት አባል፣ ወይም በሞት የተለየ አባል ሚስትና ልጆች በጡረታ ሕጉ መሠረት የሚያገኙት መብት አለ። ይሁንና መብቱ ቤት ድረስ አይመጣም። የአገልግሎት ማስረጃ፣ የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች ልደት ማስረጃ፣ እንደ ሁኔታው የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ይጠየቃል። ጥያቄ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብም አለ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ይህን ሁሉ ብቻዋን ልታሟላ አትችልም። አንዷ ወረቀት ጎድላ ተመለሺ ሲሏት፣ ሁለተኛ የመጓጓዣ ገንዘብ ሳታገኝ ትቀራለች።

ባለሙያው እዚህ ላይ አስረጂና ጠበቃ ነው። የሚያስፈልገውን ሰነድ ዘርዝሮ ይጽፍላታል፤ ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቀን መሄድ እንዳለባት ይነግራታል፤ ሲያስፈልግም አብሯት ይሄዳል። ሰበካውም በዚህ ረገድ ሌላ ማንም የማይሰጠው ነገር አለው። በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። የክርስትናና የቃል ኪዳን መዝገብ ግን በደብሩ አለ። መዝገቡን በጥንቃቄ መያዝና ሲጠየቁ ማስረጃውን ያለ ውጣ ውረድ መስጠት፣ ለአንዲት የወታደር ሚስት ከብዙ ምጽዋት የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ከጡረታው ውጪም መንገዶች አሉ። በከተማ የልማታዊ ሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለው። መዋጮውን ለመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ሆኖ በነጻ እንዲታከም በቀበሌው ሊመረጥ ይችላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። እግሩን ያጣ ሰውም በመቀሌ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭና በሌሎችም ከተሞች በሚገኙ የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ሰው ሠራሽ እግር ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ይላላል፣ ያቆስላል፣ ያረጃል፤ መታረምና መቀየር ይፈልጋል። ብዙ ሰው ያቆሰለውን እግር አውልቆ ከአልጋ ሥር ጥሎ ወደ ክራንቹ የሚመለሰው፣ ለሁለተኛው ጉዞ የሚሆን ገንዘብና ማደሪያ ስላጣ ነው። ባለሙያው ይህን ጉዞ ያስተካክላል፤ ሰበካውም በከተማው ካለ ደብር ጋር ተነጋግሮ የአንድ ሳምንት ማደሪያ ቢፈልግለት ሥራው ይሞላል።

ሚስት፣ ልጆች፣ ወንድሞች

ወታደሩ ሲሄድ ቤቱ ባለበት አይቆምም። ሚስት አባወራም እማወራም ትሆናለች። እህል የምትሸጠው፣ ከቀበሌ የምትከራከረው፣ ልጅ የምትቀጣው እርሷ ናት። ባል ሲመለስ የቀድሞ ቦታውን ይፈልጋል፤ ቦታው ግን ተይዟል። እርሱ «ናቀችኝ» ይላል፤ እርሷም «ስንት ዓመት ብቻዬን ተሸክሜ» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ባለሙያው ሁለቱን አስቀምጦ የቤቱን ሥራ አንድ በአንድ እንዲከፋፈሉ ያደርጋል፤ የገንዘቡን ነገርም በተለይ። የመቋቋሚያ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በዕዳ፣ በድግስና በመጠጥ ቶሎ ያልቃልና፣ ባልና ሚስት አብረው ቁጭ ብለው ከማቀዳቸው በፊት ባይነካ ይመረጣል።

በገጠር ሌላም ጠብ ይነሣል። እርሱ በሌለበት መሬቱን ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ በእኩል ሲያርስ ኖሯል፤ አሁን «መልስ» ሲባል ቅሬታ ይመጣል። ይህ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፤ ካህናትም በሽምግልናው የታወቀ ቦታ አላቸው። ዘመዱ የዘራውን እስኪያጭድ ጊዜ መስጠት፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ማስፈር ጠቡ ወደ ደም እንዳይሄድ ያደርጋል።

ነገር ግን ሽምግልና የማይበቃበት ቦታም አለ። ሚስት እየተደበደበች ከሆነ፣ ልጆች ከቤት የሚሸሹ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚፈለገው የእነርሱ ደኅንነት ነው። «ጦርነት ያሳለፈ ሰው ነውና ታገሺው» ብሎ መመለስ አደጋ አለው። ሕመሙ ለምን እንደሚቆጣ ያስረዳ ይሆናል፤ መምታትን ግን አያጸድቅም። ባለሙያው እንዲህ ባለ ጊዜ ሴቲቱና ልጆቹ የሚያርፉበትን ቦታ፣ የሕግ ከለላና ሕክምና ያፈላልጋል፤ ዕርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተመለሱት መካከል ሴቶችም አሉ። እነርሱ በብዙ ቦታ «ተዋጊ» ተብለው አይቆጠሩም። ወንዱ ሲመለስ እልል የሚል መንደር፣ እርሷ ስትመለስ ያንሾካሹካል፤ ለትዳር አትሆንም ይባላል፤ ልጅ ይዛ ከመጣች አባቱ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። የደረሰባትን ጥቃት የምትናገርበት ቦታ የላትም። ባለሙያው ለእንዲህ ያለችው እህት ከሴት ባለሙያ ጋር ለብቻዋ እንድትነጋገር ያመቻቻል፤ የሕክምናና የሕግ መንገዱን ያሳያታል፤ እንድትናገር ግን አያስገድዳትም። ደብሩ ሊያደርግላት የሚችለው ትልቁ ነገር ወሬውን ማቆም ነው። የልጁን ክርስትና ያለ ጥያቄና ያለ ሐሜት መፈጸም ለእርሷ በአደባባይ የተሰጠ ምስክርነት ይሆንላታል።

የማይታየው ቁስል

በጦርነት ያለፈ ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕመም ይይዘዋል ማለት አይደለም። ብዙው ሰው በቤተሰቡ መካከል ዕረፍትና ሥራ ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። አንዳንዱ ግን ወራት ካለፉም በኋላ ጦርነቱ ከእርሱ አይወጣም። ያየውን ነገር በቅዠት ደጋግሞ ያያል፤ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ የሚያስታውሰውን ቦታና ሰው ይሸሻል፤ ከሚወዳቸው ጋር ተቀምጦ ምንም አይሰማውም። ባለሙያዎች ይህን ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚከሰት የጭንቀት ሕመም ይሉታል። እንቅልፍ ለማግኘት ሲል አረቄ የሚለምድ አለ። በሠርግና በለቅሶ ጥይት የመተኮስ ልማድ ባለበት አካባቢ፣ ለሌላው ክብር የሆነው ተኩስ ለእርሱ ወደ ምሽጉ መመለስ ነው።

ባለሙያው ሕመሙን በመድኃኒት አያክምም፤ ያውቀዋል፣ ለቤተሰቡ ያስረዳል፣ ወደ ሕክምና ያደርሳል። ሚስቱ «ጠልቶኝ ነው» ብላ የምታስበው ነገር ሕመም መሆኑን ስትረዳ ብቻ እንኳ የቤቱ ሸክም ይቀላል። ዛሬ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በክልል ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ስለሚሰጥ በቅርብ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ ለካህናት አንድ አሳሳቢ ጉዳይ ይነሣል። ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያ የሚመጡት ወደ ጠበል ነው። መምጣታቸው መልካም ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው መድኃኒታቸውን አቋርጠው ሲመጡ ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ለሕይወቱ አስጊ ወደ ሆነ ሁኔታ ሊደርስ ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም መንገዱ ያው ነው። አጥማቂው ካህን «መድኃኒት አለህ? ዛሬ ወስደሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ የሚያስገድዳቸው ነገር አይኖርም።

ሌላው ቁስል የኅሊና ነው። አንዳንዱ ሰው የሚያሠቃየው በእርሱ ላይ የደረሰው ሳይሆን እርሱ ያደረገው፣ ወይም ሊያድን ሲችል ያላዳነው ነው። ጓዱን ቆስሎ ትቶ ሸሽቷል፤ ወይም ታዝዞ የማይገባ ነገር ፈጽሟል። ከቅጽሩ ጥግ የሚቆመው ለመግባት እንደማይገባው ስለሚያስብ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁስል ክኒን ብቻውን አያድነውም፤ ባለሙያውም ብቻውን አይችለውም። የንስሐ አባት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው። ፈጥኖ ማውገዝ ሰውየውን ያርቀዋል፤ «ታዘህ ነው፣ ምንም አይደለም» ብሎ ፈጥኖ ማጽናናትም እንዲሁ ያርቀዋል፤ ያልተሰማ ሆኖ ይሰማዋልና። እስከ መጨረሻው የሰማው አባት ቀኖናውን ሲሰጠው ግን ሰውየው የሚሄድበት መንገድ ያገኛል።

በኑዛዜ የተሰማ ነገር ለባለሙያው አይነገርም፤ ምስጢሩ የታተመ ነው። ካህኑ ሊያደርግ የሚችለው ሰውየውን ራሱን «ይህን ለባለሙያው ብትነግረው ይጠቅምሃል፤ ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ» ብሎ ማበረታታት ነው። ባለሙያውም በበኩሉ የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል። አደጋ ሲታይ ግን ነገሩ ይለያል። ሰውየው ስለ ሞት ደጋግሞ የሚያወራ፣ ንብረቱን የሚያድል፣ እንደ መሰናበት የሚናገር ከሆነ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታና በፍቅር መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። በዚያን ቀን ብቻውን መተው የለበትም፤ መሣሪያው ከቤት ይውጣ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይወሰድ።

ላልተመለሱት የሚጠብቁ ቤቶች

ስለ ተመለሱት ስንናገር ያልተመለሱትን መርሳት አይገባም። የሞተው መርዶው ይነገራል፤ ይለቀሳል፤ ፍትሐት ይደረጋል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ ቤተሰቡም በሐዘን ውስጥ እርምጃውን ይጀምራል። የደረሰበት ያልታወቀው ግን መርዶም የለው፣ ደብዳቤም የለው። እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች። ሚስት ጥቁር ብትለብስ «ገደለችው» ይሏታል፤ ባትለብስ «ረሳችው» ይሏታል።

ባለሙያው እንዲህ ያለውን ቤት «ሞቷል ብላችሁ ተቀበሉ» አይልም፤ «ይመጣል» ብሎም ተስፋ አይሰጥም። ሁለቱንም ይዘው የዛሬውን ቀን እንዲኖሩ ያግዛቸዋል። ፍለጋውን በሚመለከት የጠፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ወደሚሰጠው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያደርሳቸዋል። ሕጉን በሚመለከትም መንገድ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ሊጠይቅ ይችላል። ውሳኔው የንብረትና የልጆች ጉዳይ መፍትሔ እንዲያገኝ በር ይከፍታል፤ በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ጋብቻው እንዲፈርስ ያደርጋል። በቅዱስ ቁርባን የተጋቡትን በሚመለከት ቤተ ክርስቲያናዊው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ወደ ሊቃውንትና ወደ አባቶች ውሳኔ ይቀርባል። ባለሙያውም ካህኑም አንዲት ሴት ይህን ውሳኔ እንድትጠይቅ መገፋፋት የለባቸውም፤ መንገዱ እንዳለ ማሳወቅ ግን ግዴታቸው ነው። እስከዚያው ለእነዚህ ቤቶች በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው የሚጸልዩበትና የልጆቻቸውን ስም የሚያነሡበት ጊዜ በደብሩ ቢዘጋጅላቸው፣ ብቻቸውን እንዳልቀሩ ያውቃሉ።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ላይ የወደቀውን ቁስሉን አስሮ ብቻ አልተወውም። በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ለሚንከባከበው ሰው ከፈለ፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረው። የመጀመሪያ እርዳታ፣ ወደሚችለው ሰው ማድረስና ተመልሶ መጠየቅ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው ትምህርትም በአጭሩ ይኸው ነው። እኛ በብዙ ጊዜ ቁስሉን እናስራለን፤ የምንጎድለው በማድረሱና ተመልሶ በመጠየቁ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ በአቅሙ ሊጀምራቸው የሚችላቸውን ሥራዎች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1. በሰበካ ጉባኤው ውስጥ የተመላሾችንና የቤተሰቦቻቸውን ጉዳይ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ይመደቡ።

2. እነዚህ ሰዎች በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያውና በአቅራቢያው ባለው ሆስፒታል የሚገኘውን ባለሙያ በአካል ይተዋወቁ፤ ስሙንና የሚገኝበትን ቀን ይያዙ።

3. በሰበካው ያሉ የተመላሾች፣ የሟቾችና የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮች ቤተሰቦች ይታወቁ። በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፉ ግን አይጻፍ፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት አይሁን።

4. የክርስትናና የጋብቻ ማስረጃ ለሚጠይቁ የወታደር ቤተሰቦች ቅድሚያ ይሰጥ፤ የመዝገብ ክፍያ ካለም ይነሣላቸው።

5. ከምጽዋቱ ገንዘብ ጥቂቱ ለመጓጓዣና ለማደሪያ ይለይ። አንድ ሰው ወደ ሕክምና ቦርድ ወይም ወደ አካል ተሐድሶ ማዕከል የሚያደርሰው ገንዘብ፣ ለዓመታት የሚቆይ መብት ወይም አገልግሎት ሊያስገኝለት ይችላል።

6. እድሮችና ሰንበቴ ማኅበራት ተመላሹን የመግቢያውን ክፍያ በየጊዜው እንዲከፍል ፈቅደው አባል ያድርጉት። እድር የሌለው ሰው በገዛ መንደሩ እንግዳ ነው።

7. ከሦስት ወር በኋላ ወደ እያንዳንዱ ቤት ተመልሶ መጠየቅ ልማድ ይሁን። ሰውየው «ደኅና ነኝ» ካለም ሚስቱ ትጠየቅ።

ከእነዚህ አንዳቸውም ትልቅ በጀት አይፈልጉም። የሚፈልጉት አንድን ቤት ከአንድ ዓመት በላይ አለመርሳትን ነው። ከቅጽሩ ጥግ የቆመው ሰው አንድ እሑድ በድንገት ገብቶ ከመቅደሱ ፊት ላይቆም ይችላል። መጀመሪያ የእድሩ ዳኛ ስሙን ጠርቶ ይመዘግበዋል፤ ሚስቱ የጡረታ ደብተሯን ይዛ ከከተማ ትመለሳለች፤ ልጁ «ሰውዬው» ማለቱን ትቶ «አባዬ» ይላል። የንስሐ አባቱም ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዛፉ ሥር ሄደው አጠገቡ ይቆማሉ፤ የሚናገረው ነገር ባይኖረውም አብረውት ይቆያሉ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ በዚህ በኩል ያልፋል።